«እወድሻለሁ» ያለ ሰው በሚቀጥለው ገጽ ይሞታል

ያቆምነው ጣሪያ ላይ ነበር። ነርሷና ሾፌሩ የሆስፒታሉ ጣሪያ ላይ ወጥተው ቆመዋል፤ ታች ግቢው በሚራመዱ ሬሳዎች ተሞልቷል፤ የደረጃው በር በአንድ አሮጌ አልጋ ተደግፏል። ሾፌሩ ወደ ነርሷ ዞሮ አፉን ከፍቷል። ካፉ አጠገብ አንሶላ የሚያህል ፊኛ ተሥሏል። በኛ በሥዕላዊ ታሪክ ሥራ ፊኛ የሚባለው የገጸ ባሕሪው ንግግር የሚጻፍበት ክብ ነው። ፊኛው ግን ባዶ ነው።

እኔ እንኳ ለነርሷና ለሾፌሩ ያን ያህል አልጨነቅም፤ የወረቀት ሰዎች ናቸው። የምጨነቀው እነሱን ለፈጠሩት ሁለት ሰዎች ነው። የመጽሔቱ አዘጋጅ እኔ ስለሆንኩ ሁለቱንም ከነጠባያቸው የተሸከምኳቸው እኔው ነኝ። እስካሁን ያላወቃችኋቸው ካላችሁ ላስተዋውቃችሁ።

ሥዕሉን የምትሥለው የጥርስ ሐኪም ናት። በአባቷ ክሊኒክ ጥርስ ስትነቅል ትውላለች፤ ከሥራ ስትወጣ ዞምቢ ትሥላለች። የሷን ዞምቢዎች የመሰለ ጥርስ ያለው ዞምቢ የትም አይገኝም። ቆዳቸው ተገሽልጦ፣ ዓይናቸው ጎድጉዶ፣ ጥርሳቸው ግን አንድም ሳይጎድል ተደርድሮ ይታያል። ምነው ስላት፣ ከሰው መጨረሻ ላይ የሚቀረው እሱ ነው እትዬ ትለኛለች።

ቃሉን የሚጽፈው ደግሞ ልብስ ሰፊ ነው። ሁላችንም መርፌ ነው የምንለው፤ አንድም ስለሚቀጥን፣ አንድም ነገሩ ስለሚወጋ። የእናቱን የልብስ ስፌት ቤት የሚያሠራው እሱ ነው። የዞምቢም ቢሆን ሸሚዝ የሚቀደደው ስፌቱ ላይ ነው እንጂ መሀል ጀርባው ላይ አይደለም እያለ ከዶክተሯ ጋር ሲነታረክ ይውላል። እሷም ጥርስ ላይ ስትመጣበት አትለቀውም። ሲጣሉ ለሚያያቸው ባልና ሚስት ይመስላሉ፤ ይሄን የማያውቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ።

አሠራራቸውም ከሌላው የተለየ ነው። ሌሎቹ መጀመሪያ ቃሉን ይጽፋሉ፣ ከዚያ ሥዕሉ ይከተላል። እነዚህ ግን የተገላቢጦሽ ናቸው። እሷ ገጹን በሙሉ ሥላ ፊኛዎቹን ባዶ ትተዋቸዋለች፤ ሐሙስ ሐሙስ ቢሮዬ ይመጣሉ፤ እሱ አጠገቧ ተቀምጦ በቀጭን እስክሪብቶ ይሞላቸዋል። ፊታቸውን ሳላይ ድምፃቸው አይሰማኝም ይላል። እሷ የሣለችውን ፊት ሲያይ ይቆይና ቀና ብሎ የራሷን ፊት ያያል። ለማመሳከር ነው ይለኛል። እኔም አይቼ እንዳላየሁ እሆናለሁ።

የዞምቢ ታሪክ የራሱ ሕግ አለው፤ ሳልወድ በግዴ ተምሬዋለሁ። መኪና በመጀመሪያው ሙከራ አይነሳም። «ቆዩኝ፣ ጓዳው ውስጥ ምን እንዳለ አይቼ ልምጣ» ያለ ሰው አይመጣም። የተነከሰ ሰው እጅጌውን ወደ ታች ይጎትታል፤ አንባቢው ሁሉ ያየዋል፣ አብረውት ያሉት ብቻ አያዩትም። ውሻው አይሞትም፤ ውሻው የሞተ ቀን ቢሮዬ በስልክ ጥሪ ይፈርሳል። ደግሞ በዞምቢ ታሪክ ውስጥ ዞምቢ የሚለውን ቃል አፉ የሚያስገባ የለም፤ «እነሱ» ነው የሚባሉት፣ ልክ የተጣላችሁትን ጎረቤት እንደምትጠሩት። ከሁሉ የከፋው ሕግ ግን ስለ ነገ ማውራት ነው። «ይሄ ሁሉ ሲያልፍ ትንሽ ቤት እንሠራለን» ያለ ሰው ቀኑ ደርሷል። «እወድሻለሁ» ያለማ ከወዳጁ ጋር በሚቀጥለው ገጽ ይሰናበታል፤ ከሁለት አንዳቸው ይሞታል። ይሄን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል።

ዶክተሯም ታውቀዋለች። እያወቀች ነው ያን ጣሪያ የሣለችው። በመጀመሪያው ሳምንት ነርሷንና ሾፌሩን ጎን ለጎን አቁማ፣ የሾፌሩን አፍ ከፍታ፣ ሰፊ ፊኛ አድርጋለት መጣች። መርፌ ምን ብሎ ሞላው? «በሩን ደህና አድርገሽ ዘግተሽዋል?» በቀጣዩ ሳምንት ፊኛውን ይበልጥ አስፍታ ጨረቃም ጨምራ አመጣችው። «ባትሪው ሊያልቅ ነው» ብሎ ጻፈበት። ያን ቀን ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከጥርሷ አላለፈም።

ባለፈው ሐሙስ ሦስተኛውን ጣሪያ ይዛ መጣች። የአሁኑ ፊኛ የገጹን ግማሽ ይዟል። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና እሱን እያየች ለኔ ተናገረች። አባቷ በሌላ ከተማ ሁለተኛ ክሊኒክ ከፍተዋል፤ መንገዱ በአውቶብስ ቀን ሙሉ ይፈጃል፤ እሷ ናት የምታስተዳድረው፤ እሑድ ትሄዳለች።

«ይሄ የመጨረሻው ገጼ ነው እትዬ። ሌላ ሠዓሊ ፈልጉ» አለችኝ።

መርፌ እስክሪብቶውን ከፍቶ ይዞ ነበር። ገጹን አየው፤ የሾፌሩን የተከፈተ አፍ አየ፤ ከዚያ እሷን አያት። እሷ ጣቶቿን ታያለች። ከዚያ እስክሪብቶውን ከደነና «ይቆየኝ» ብሎ ገጹን ጠቅልሎ ወጣ። በሩ ሲዘጋ ዶክተሯ ዘወር ብላ መስኮቱን ማየት ያዘች። እንኳን ለኔ ለነርሷም የሚላት ቃል ጠፋው አለች። ያን ፊኛ በራሴ እጅ ሞልቼ ባሳርፋት ምንኛ ደስ ባለኝ።

በማግስቱ ልብስ ስፌት ቤቱ ሄድኩ። ገጹ ቅዳሜ ማተሚያ ቤት መግባት ስላለበት ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ እውነቱ ግን ነገሩ አላስተኛኝም። ያላስተኛኝ ሌላም ነበር። የመንጋጋዬ ጥርስ ከስንት ጊዜ ጀምሮ ሲያስፈራራኝ ከርሞ ያን ቀን ጦርነት አውጇል። በአንድ እጄ ጉንጬን ይዤ ነው የገባሁት።

መርፌ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ሙሉ ልብስ እየተኮሰ ነበር። የማን ነው ብዬ ስጠይቀው ካውያውን አቆመ። የትልቁ ዶክተር ነው አለኝ፤ የአባቷ። ለአዲሱ ክሊኒክ ምረቃ ያሰፉት ነው። ሰውየው እሱ ማን እንደሆነ አያውቁም፤ ደንበኛ ናቸው፣ ሰፊ ነው፣ አለቀ። የሱሪያቸውን እግር ሲለካ እግራቸው ሥር ተንበርክኮ እሳቸው ከላይ ሆነው ስለ ልጃቸው ሲያወሩለት ቆዩ። እዚያ የምትሄድበት ከተማ አንድ ጎበዝ ሐኪም አለ፣ ባልደረባዬ ነው፣ ልጄ ብቻዋን አትሆንም፣ እግዜር ካለ ደግሞ አንድ ቀን ለወግ ለማዕረግ ትበቃለች አሉት።

«አንተስ ምን አልክ?»

«አፌ ውስጥ ስፒል ነበር እትዬ።»

«ስፒሉ ሲወጣስ?»

«ሲወጣማ ሱሪው ትንሽ ይጠር ወይ አልኳቸው።»

ሳቄ መጣ፤ ጥርሴ ግን አላስችል አለኝ። ከዚያ ስለ ፊኛው ጠየቅኩት። ለምንድነው ሦስት ሳምንት ሙሉ በርና ባትሪ የምትቆጥርባት አልኩት። ቀና ብሎም አላየኝ። ሕጉን ያውቁታል አለኝ። ሾፌሩ ያን ቃል ከተናገረ የነርሷ ነገር ያበቃል። እሱም ቢናገር ያው ነው። አሁን ቢያንስ ሐሙስ ሐሙስ አጠገቡ ትቀመጣለች፤ ሸሚዝ አቀዳደድ ላይ ትጨቃጨቀዋለች። ተናግሮ እሷ ባትፈልገው ያቺም ሐሙስ ትቀራለች። የአባቷን ሱሪ ተንበርክኮ የለካ ሰው ደግሞ ምን ብሎ ነው የሚጀምረው?

«ዝም አይነቅዝም ሲባል አልሰሙም እትዬ?» አለኝ።

«ዝምታ አይነቅዝ ይሆናል፤ ጥርስ ግን ዝም ሲሉት ነው የሚነቅዘው፣ እኔን ጠይቀኝ። ደግሞስ የሚቀጥለውን ገጽ የምትጽፉት እናንተ አይደላችሁ እንዴ? ማን ግደሏት አላችሁ?»

መርፌ አፉን ከፍቶ ቀረ፤ ራሱ ሾፌሩን መሰለ። እንዲህ ያለ ቀላል ነገር አንድም ቀን አስቦት አያውቅም። ቆሞ ሲያስብ፣ እኔም ቆሜ ሲያስብ ሳየው፣ አንድ ነገር ሸተተን። ካውያው የትልቁ ዶክተር ኮት እጅጌ ላይ ተቀምጧል። ብድግ ሲያደርገው ጫፉ ላይ ቡናማ ምልክት ወጥቷል። ጉድ ፈላ አልኩ በሆዴ። እሱ ግን አልጮኸም፣ አልተራገመም። እጅጌውን አነሳና ምልክቱን በጣቱ እየዳበሰ ረጅም ጊዜ አየው። እጅጌውን ወደ ውስጥ አጥፎ ቢሰፋው ማንም አያውቅበትም ነበር። ፊቱ ላይ ግን ያየሁት ፍርሃት አልነበረም፤ ከከረመ ጉንፋን የተነሳ ሰው የሚመስል ፊት ነው ያየሁት፤ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ልቤ ቀለል አለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ጥርሴ አሸነፈኝ። ክሊኒኩ ሄጄ ወንበሩ ላይ ተዘረጋሁ። ዶክተሯ በመጨረሻ የሥራ ቀኗ ታካሚ ሆኜ በመምጣቴ እየቀለደች ድዴ ላይ ማደንዘዣ ወጋችኝ፤ ቀልዱ ግን ዓይኗ ጋ አልደረሰም። ዓይኗ ያበጠ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ግማሽ ፊቴ የኔ መሆኑን አቆመ። አፌ ውስጥ ጥጥ ጠቀጠቀች፣ ምራቅ የሚመጥ ቱቦ ከከንፈሬ ጥግ አንጠለጠለች፣ መሰርሰሪያውን አስነሳች። ጥርሴን መሥራት ልትጀምር ስትል በሩ ተከፈተ።

መርፌ ነው። በአንድ ክንዱ ሰማያዊውን ኮት አንጠልጥሏል፤ በሌላኛው ብብቱ ገጹን እንደ ጠቀለለ ይዟል። ከኋላው ተራ የሚጠብቁ ታካሚዎች ተራ አለ እኮ ወንድም እያሉ ያጉረመርማሉ።

«ታካሚ አለኝ» አለችው፤ ዞራም አላየችውም።

«አይቻለሁ። እትዬ አይናገሩም» አላት።

እውነቱን ነው፤ አልናገርም።

ገጹን ዘረጋላት። አልወሰደችም። ለእትዬ ስጣቸው፣ እኔ ሥራዬን ጨርሻለሁ አለችው። በዚህ ጊዜ መሰርሰሪያው ከምላሴ በላይ አንድ ጣት ያህል ከፍ ብሎ እየዞረ ነው። እኔ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ደርድሬያለሁ።

«እንግዲያው በአፌ ልንገርሽ። እወድሻለሁ። ሾፌሩ አይደለም የሚለው፤ እኔ ነኝ።»

መሰርሰሪያው ቆመ። ዶክተሯ ቀስ ብላ ቀና አለች። ከአፍ መሸፈኛዋ በላይ የሚታየው ዓይኗ ብቻ ነው፤ ለኔ ግን በቂ ነበር። በስንት ሐሙስ ያላየሁትን ሁሉ በዚያች ቅጽበት አየሁት።

«ሦስት ሳምንት በር ስታዘጋኝ፣ ባትሪ ስታስቆጥረኝ ከርመህ ዛሬ?» አለችው።

«በዚህ ታሪክ ውስጥ እንደዚህ ያለ ሰው ምን እንደሚመጣበት ታውቂያለሽ።»

«ይሞታል።»

«አንቺን እንዳላጣሽ ብዬ ነው።»

«እኔ እኮ ሐሙስ በመጣ ቁጥር ነው የምሞተው» አለች። «ፊኛውን ምን ያህል ላስፋው? ከገጹ ውጪ ላውጣው?»

መርፌ መልስ ሊሰጥ ሲል ፊቱ ተለወጠ። በሩ ላይ ትልቁ ዶክተር ቆመዋል። ክብ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለዋል፤ በእጃቸው በቀይ ክር የታሰረ አዲስ ቁልፍ ይዘዋል። የአዲሱ ክሊኒክ ቁልፍ መሆኑን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ልጃቸውን አዩ፣ ልብስ ሰፊያቸውን አዩ፣ የራሳቸውን ኮት አዩ። እኔን ግን ማንም አላየኝም፤ ከወንበሩ ጋር የተሠራሁ መስያለሁ።

ምንድነው ይሄ ብለው ሳይጨርሱ መርፌ ኮቱን በሁለት እጁ አቀረበላቸው።

«ጋሼ፣ ኮትዎን አቃጥዬዋለሁ። እጅጌው ላይ ነው። አጥፌ ብሰፋው አይታወቅም ነበር፤ መደበቅ አልፈለግኩም። ልጅዎንም እወዳታለሁ። እሱንም መደበቅ አልፈልግም።»

ትልቁ ዶክተር መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። እጅጌውን ገልበጥ አድርገው ቃጠሎውን የታመመ ጥርስ እንደሚያዩ አድርገው አዩት።

«የትኛው ነው የቀደመው?» አሉት።

«መውደዱ ነው ጋሼ። ኮቱ የተቃጠለው በሱ ምክንያት ነው።»

ሰውየው ሊቆጡ ነው ወይስ ሊስቁ ነው ስል፣ ዶክተሯ የአፍ መሸፈኛዋን ወደ አገጯ አወረደች። ፊቷ ፍም መስሏል። እሷም ብዙ ጊዜ እጅጌዋን ጎትታ እንደከረመች ለአባቷ ነገረቻቸው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልክ ለታካሚ ሁሉ ትናገራለህ፣ እኔ ግን ደብቄሃለሁ አለቻቸው።

«መሄድ አልፈልግም አባዬ። ክሊኒኩንም፣ ያን ጎበዝ ሐኪምህንም አልፈልግም። እዚህ ጥርስ እየነቀልኩ፣ ሐሙስ ሐሙስ ከዚህ ሰው ጋር እየተጨቃጨቅኩ መኖር ነው የምፈልገው።»

ትልቁ ዶክተር ክቧ ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። ከዚያ የጠየቁት ነገር ማናችንም ያልጠበቅነው ነበር። ያ መጽሔትሽ ላይ ያለው ፋርማሲስት አሉ። ክብ መነጽር ያለው፣ ልጁን እንዳትነከስ ብሎ ምድር ቤት የቆለፈባት፣ ቁልፉን አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ። ለምንድነው እሱ የተነከሰው?

ዶክተሯ ደነገጠች። «ታነበዋለህ እንዴ?»

«ተራ መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ሌላ ምን የሚነበብ አለ? መነጽሩ የኔ ነው፤ አውቄዋለሁ። ቁልፉም የኔ ነው። ግን ልጅቷ አንድም ቀን ልውጣ አላለችም። 'እሺ አባዬ' ነው ያለችው። እኔም እሺ ያለች መስሎኝ ነበር።»

ያን «እሺ አባዬ» ፊኛው ውስጥ የጻፈው መርፌ ነው። አንገቱን ደፋ። እሷ ግን የአባቷን እጅ ያዘች። ሥዕሉን ስሥለው ልጅቷ እያለቀሰች ነበር አባዬ፣ ዓይኗን አላየኸውም እንጂ አለቻቸው። አየሁት አሉ አባትየው ቀስ ብለው። አየሁት፣ ግን የምድር ቤቱ ጨለማ ነው ብዬ ነው።

ከዚያ ቁልፉን ከመንቀያዎቹና ከትንሿ መስታወት ጎን ሳህኑ ላይ አስቀመጡት። ያ ባልደረባቸው ክሊኒኩን ብቻውን ማስተዳደር አያቅተውም፤ እንዲያውም ሲመኘው ነበር አሉ። ወደ መርፌም ዞሩ። አንተን ገና አላወቅኩህም፤ የማውቀው ሱሪዬን እንዳሳጠርከው ብቻ ነው አሉት። ኮቱን መልሰው ሰጡት።

«እጅጌውን አስተካክለህ ራስህ አምጣው። ወደዚህ አይደለም፤ ወደ ቤት። ምሳ ሰዓት ላይ።»

እሳቸው ሲወጡ ዶክተሯ ገጹን አነሳች። እኔም አንገቴን የቻልኩትን ያህል አጠማዘዝኩ። ያ የገጹን ግማሽ የያዘ ፊኛ በዚያ ቀጭን እስክሪብቶ፣ በመሀሉ፣ በትንንሽ ፊደል ተሞልቷል። «እወድሻለሁ። ነገ ጠዋት ደግሞ እነግርሻለሁ።»

«ፍቅርም፣ ነገም? ሁለቱንም ሕግ በአንድ ፊኛ አፈረስከው?» አለችው።

«የሚቀጥለውን ገጽ የምትሥይው አንቺ ነሽ።»

«ጠዋት ነው የምሥለው። ፀሐይ ወጥቶ። ሁለቱንም በሕይወታቸው።» ጓንቷን አወለቀችና ጉንጩን በመዳፏ ነካችው። «ጥርሳቸውንም እያሳዩ።»

መርፌ ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ የዛሬው ሳቋ ከጥርሷ አልፎ እስከ ዓይኗ ደረሰ። እንዲህ ተያይተው እንደቆሙ ድንገት ታካሚ እንዳላቸው ትዝ አላቸው። ሁለቱም ወደኔ ዞሩ። እንባዬ በሁለቱም ጉንጬ እየወረደ የአንገቴን ጨርቅ አርሶታል።

ውይ እትዬ፣ አመመዎት እንዴ አለችኝ ተጨንቃ። አፌ በጥጥ እንደተሞላ በጣቴ ወደ ጥርሴ አመለከትኩ። ጥርሴ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም ማለቴ ነው። ጥርሴ ግን ከደነዘዘ ቆይቷል።